የስልኩ መሬት በደረቀ ጊዜ

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ተተክሎ ከነበረው የስልክ እንጨት አሁን ቆሞ የሚታይ የለም። ግማሹን ምስጥ በላው፣ ግማሹ የሰው ቤት ምሰሶ ሆነ፤ አንዱ እንዲያውም የጎረቤቴ በረት አግዳሚ ሆኖ በየቀኑ አየዋለሁ። በቅርቡ ሰዎች መጥተው የመንገዱን ዳር ቆፈሩና ወፍራም ጥቁር ገመድ ቀበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግራቸው፣ ጠጋኞቹ ከጄኔሬተሩ ጩኸት እየገባበት ነው ብለው ገመዱን ከመብራቱ ሽቦ አራቁት፤ ዳነላቸው። ስሰማ ደስ አለኝ። ለካ ነገሩ ያው ነው። ሽቦ ባለበት ጩኸት አለ፤ ጩኸት ካለ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እሱን ስፈልግ ነው።

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ፣ ንባብ ጀምሬ፣ አቋርጬ የወጣሁ ነኝ። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። እሷ ከጻፈችው ታሳምረዋለች። ይኼ ነገር እንዲያምር አልፈልግም።

ሥራ የጀመርኩት አጅባር ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ተብዬ በቀን ሒሳብ ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ ማኅተሙ ብዙ ነበር፤ ስለሱ ይኼ ይበቃል። የመስመር ሠራተኛ ያደረጉኝ አያ ይመር ናቸው። የተንታ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መሬት ላይ ጎበጥ የሚሉ፣ እንጨት ላይ ሲወጡ ግን ቀጥ የሚሉ። እላይ ሳሉ ከታች ቢጠሯቸው አይመልሱም። ሥራውን ጨርሰው፣ ወርደው፣ ፒንሳቸውን በጨርቅ ጠርገው ከረጢት ውስጥ ከከተቱ በኋላ ነው «አቤት፣ ምን ብለኸኝ ነበር?» የሚሉት። መጀመሪያ ጆሯቸው የማይሰማ መስሎኝ ነበር።

«አያ ይመር፣ እላይ ሲሆኑ አይሰሙም እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሰማለሁ። ግን ደምሌ፣ እላይ ሆኖ ወሬ የሚመልስ ሰው አንዱን ቋጠሮ ሳያጠብቅ ይወርዳል።»

ባትሪ መኖር አለመኖሩን የሚያውቁት ሽቦውን ምላሳቸው ላይ አድርገው ነው። ኮምጠጥ ካለ አለ፣ ዝም ካለ የለም። እኔም ለመድኩት፤ እስከ ዛሬ ሎሚ ስቀምስ የሽቦ ጣዕም ይመጣብኛል። ጩኸቱን ደግሞ በስም በስም ይጠሩት ነበር። የሚንጣጣው «ቆሎ» ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቋጠሮ ላልቷል ወይ ዝጓል ማለት ነው። የሚንሾካሾከው «ሐሜተኛ» ነው፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ሽቦውን ነክቷል፣ ወይም ሽቦው የሚያርፍበት ስኒ ተሰንጥቋል። የሚያጉረመርመው «ጥንዚዛ» ነው፤ አጠገብ ሞተር አለ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ምናልባት» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ወይ ያውቁታል፣ ወይ ዝም ይላሉ።

መላቸውም ቀላል ነበር። መስመሩን መሃል ላይ ትፈታዋለህ፤ የመሞከሪያ ብረት መሬት ላይ ተክለህ፣ ስልክህን ከሽቦውና ከብረቱ ጋር አገናኝተህ ወዲህም ወዲያም ታዳምጣለህ። ጩኸቱ ካለበት በኩል ትሄዳለህ፣ እሱንም ደግሞ መሃል ላይ ትፈታለህ። እንዲህ እያልክ ስታጠብበው ስታጠብበው አንድ እንጨት ሥር ያደርስሃል።

ከአጅባር አቀስታ፣ ከአቀስታ መካነ ሰላም አብረን ተዛወርን። አቀስታ ቁሩ ጣት ያደነዝዛል። ጠዋት ሽቦው ውርጭ ለብሶ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ታገኘዋለህ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይረግባል። ጠዋት መጥነህ ያሰርከው ቀትር ላይ ይንዘላዘላል፣ ቀትር ላይ መጥነህ ያሰርከው በማግስቱ ንጋት ይበጠሳል። አያ ይመር ሽቦውን በጣታቸው መታ አድርገው በድምፁ ነበር ልኩን የሚያውቁት። እኔ ያንን ለመማር ብዙ ሽቦ በጥሻለሁ፣ ብዙም ተሰድቤያለሁ።

አሁን ስለ መሬቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። የኛ መስመር ባለ አንድ ሽቦ ነበር። ድምፅ ደግሞ ሄዶ መመለሻ ይፈልጋል፤ ሁለተኛ ሽቦ ከሌለ የሚመለሰው በመሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ በየስልክ ቤቱ ጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመዳብ ዝርግ ይቀበራል፤ ከሱ የተነሣ ሽቦ ወደ ስልኩ ይገባል። ያንን «የስልኩ መሬት» እንለዋለን። እርጥብ ከሆነ ስልኩ ጥርት ብሎ ይናገራል። ከደረቀ የሰው ድምፅ ይቀጥናል፣ ጩኸቱ ይነግሣል። በበጋ ጨው እየበተንን ውሃ እናጠጣዋለን፤ ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው ዙሪያውን በእሾህ እናጥረዋለን። የደሴው አለቃችን ጨው ስንጠይቅ «ለወጥ ነው ለስልክ?» ይሉን ነበር። ግን ሳይልኩልን ቀርተው አያውቁም፤ ደግ ሰው ነበሩ።

ረሀቡ የመጣው ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ዝናቡ ከዳ፣ ደግሞ ከዳ። ከዓባይ በረሃ በኩል የወጣው ሰው መካነ ሰላም ዳር ላይ ሰፈረ። መጠለያ ተባለ፤ ድንኳንና የሣር ዳስ ነው። ከስልክ ቤታችን ጓሮ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ሰው ብቻ ሆነ። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ተኝቶ፣ አንድ ላይ ያቃስታል።

ስልከኛችን አቶ ታደሰ ይባላል። እጀታ እያዞረ ሰው ከሰው የሚያገናኝ፣ ድምፁ ከገላው የሚበልጥ፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣ ሰው ነበር። መጀመሪያ ላይ ከበላይ «ረሀብ የሚል ቃል በስልክ እንዳትናገር፤ እጥረት በል» ተባለ። እሱም በመስኮቱ ቃሬዛ ሲያልፍ እያየ «እጥረት አለ» ሲል ከረመ። «እኔም ስሞት ታደሰ አጥሯል ብላችሁ ንገሩልኝ» ይል ነበር። እንስቃለን። ምን እናድርግ?

በኋላ አዲስ አበባ ወታደሩም ተማሪውም ተነሣ ተባለ። ሬድዮኑ ትናንት ያልነበረ ቋንቋ መናገር ጀመረ፣ ሹማምንቱ ሰው ፊት ማየት ፈሩ። ያን ቃል የሚከለክል ጠፋ። ታደሰ እጀታውን አዞረና ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ረሀብ ነው! ሰው እያለቀ ነው!» አለ። አቀስታ አልሰማም። ቃሉ ሲፈታ መስመሩ ተበላሸ።

እህል የጫኑ መኪኖች አቀስታ ቆመው ነበር። ከከተማችን ወዲያ፣ በአቀስታ መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ተሰብሮ ገደሉ መኪና አያሳልፍም፤ አቅም ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ በድንጋይ እየደለደለ ነው። መንገዱ ሲከፈት በስልክ እንድንነግራቸው፣ ካልነገርናቸው ግን እህሉን ወደ አጅባር እንደሚያዞሩት አስቀድመው አስታውቀዋል። አጅባርም የተራበ ሰው አለና አይፈረድባቸውም።

አያ ይመር አዳመጡ። መጀመሪያ ጥንዚዛ ሰሙ፤ የመጠለያው ክሊኒክ ሞተር ነው። ሞተሩን አስጠፋን። ጥንዚዛው ሄደ፣ የሚንጣጣው ግን ቀረ፣ የሰውም ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ለቅሶ ቀጭን ነው።

«ቆሎ ነው» አሉ። «ስደተኛው በሽቦው ሥር እየተጓዘ እንጨቱን በሚደግፈው ሽቦ ላይ አህያ እያሰረ ነው። አንድ ቦታ ቋጠሮ ላልቷል። ተነሥ።»

በመስመሩ ወደ አቀስታ ወጣን። መሃል ላይ ፈትተን አዳመጥን፤ በሁለቱም በኩል ይንጣጣል። ወደፊት ሄደን ፈታን፤ በሁለቱም በኩል። ያገኘነውን ቋጠሮ ሁሉ አደስን፣ ስኒ ቀየርን፣ ዝገት ፋቅን። ጩኸቱ እንደ ውሻ ተከትሎን ይሄዳል። አያ ይመር እንዲህ ሆነው አያውቁም፤ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዝም ብለው ይራመዳሉ። ጅባራው ያለበት ደጋ ላይ ስንደርስ ገና ያልደረቀ ምንጭ አገኘን። ጭቃው ውስጥ የመሞከሪያውን ብረት ተክለው አዳመጡ። ወደ አቀስታ በኩል ጥርት! እንዲያውም የአቀስታው ስልከኛ ሲስቅ ይሰማል። ወደ መካነ ሰላም በኩል ይንጣጣል።

አያ ይመር ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ደምሌ፣ ምንም አልተሰበረም» አሉ። «መሬቱ ነው። የመካነ ሰላሙ የስልክ መሬት ደርቋል። በየመንገዱ ብረታችንን የተከልንበትም አፈር ደረቅ ነበር። የሰማነው ሁሉ የራሳችንን ብረት ጩኸት ነው።»

ይኼ ነው የሥራ ዘመናችን ትልቁ ውድቀት። የስልኩን መሬት ውሃ እናጠጣ የነበርን ሰዎች፣ ሰው የሚጠጣው ሲጠፋ መሬቱን ማጠጣት ነውር ሆኖብን ተወነው፤ ከተወነው በኋላ ደግሞ መተዋችንን ረሳነው። ከዚያው ከምንጩ ዳር የአቀስታው ሰው «መንገዱ ተከፍቷል?» ብሎ ጠየቀን። ስንወጣ አልተከፈተም ነበር። ያላየነውን አንናገርም። «ጠብቁን፣ ደርሰን እንነግራችኋለን» አልነው። መካነ ሰላም ስንደርስ መንገዱ ተከፍቷል፣ ሰዉ ደስ ብሎት ዳር ላይ ተቀምጦ መኪና ይጠብቃል። ጥርት ያለ መስመር ሳለን ወሬው አልነበረንም፤ ወሬውን ስናገኝ መስመሩ የለም። ምንጩ ከኛ ይልቅ ለአቀስታ ይቀርባል፤ በበቅሎ ሰው ሰደድን።

አያ ይመር ወደ መጠለያው ሄደው አንድ ባልዲ ውሃ ለመኑ። ውሃ የሚጠብቀው ሰልፍ ፊት ለፊት ተሸክመነው አለፍን። ጨውና ውሃውን መሬቱ ላይ ስናፈስ አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጡ።

«ውሃም ጨውም ለአፈር?» አሉ። ቁጣም አልነበራቸው። «አፈር ስሆንላችሁ፣ እኛ ምን አጥፍተን ነው?»

ታደሰ ከውስጥ «ሰማሁት! አቀስታን ሰማሁት!» አለ፤ «ሀሎ» እንደተባባሉ የተሰነጠቀው መሬት ውሃውን ወደ ታች ዋጠውና መስመሩ ተመልሶ ተንጣጣ። ሌላ ባልዲ ላምጣ ስል አያ ይመር እጄን ያዙኝ።

«ሁለተኛ አልጠይቅም። አንተም አትጠይቅ።»

በበቅሎ የሄደው ሰው አቀስታ ሲደርስ መኪኖቹ ወደ አጅባር ሄደዋል። «ሌላ እህል እየመጣ ነው» አሉት፤ «ግን መንገዱ ደህና መሆኑን፣ ስንት ሰው እንዳለና ስንት እንደሞተ በየዕለቱ በስልክ ካልነገራችሁን አንልክም፤ በበቅሎ ወሬ መኪና አይታዘዝም።» ያንን ይዞ ተመለሰ።

እትዬ ዘይነባ መጠለያው ውስጥ የሴቶችን ሬሳ የምታጥብ ሴት ናት። ራሷም ተሰዳ የመጣች ናት፤ ምላሷ ስል ነው፣ እጇ ግን ለስላሳ ነው ይሏታል። አንድ ረፋድ የስልኩን መሬት አጥር ስጠግን መጥታ ቆመች።

«አንተ ሽቦ ጎታች፣ ይኼ የማን መቃብር ነው?»

«መቃብር አይደለም። የስልክ መሬት ነው።»

«ስልክ ደግሞ መሬት አለው? እኛ እንኳ መሬታችንን ጥለን መጥተናል።» ሳቀች፤ ወዲያው ተወችው። «ሰው ይረግጠዋል?»

«እግር አይነካውም። ለዚህ ነው የታጠረው።»

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ።»

አልገባኝም። አስረዳችኝ። ሬሳ የታጠበበት ውሃ እግር በሚረግጠው ቦታ አይፈስም። የመጠለያው ሼህ ለያንዳንዱ ሙት አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ አስለይተዋል፣ እሱ አይነካም። የምታፈስበትን ጉድጓድ ግን አዲስ የመጣው ስደተኛ ሰፈረበት፤ ልጆች ይሄዱበታል። ክርስቲያኖቹን የሚገንዙትም በዚሁ ተቸግረዋል። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል እግር የማይረግጠው መሬት ይኼው አንዱ የእሾህ አጥር ብቻ ነው።

አያ ይመር ከኋላዬ ሆነው ሰምተዋል።

«አይሆንም!» አልኩ እኔ። «የሙት ውሃ ለመንግሥት ሥራ? እኔ እጄን አላስገባበትም።»

«ማን ለመንግሥት አለህ?» አሉኝ። «ውሃው የትም ቢሆን ይፈሳል። እዚህ ከፈሰሰ መሬቱ ረጥቦ ለልጆቻቸው እህል ይጠራል።»

«ሥራ ነው ብለን የሙት ገንዘብ ስንነካ…»

«ገንዘብ አይደለም። ደምሌ፣ ግትር ነህ። ግትርነትህን ለቋጠሮ አድርገው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እትዬ ዘይነባ፣ ሼሁን ሳልጠይቅ አላደርገውም። ቄሱንም እንዲሁ። እኛ ነን ለማኞቹ፤ ውሃው የናንተ ነው።»

«አላህ ያግራው» አለች። «ይጠየቁ።»

ሼሁ ሰምተው «እግር ካልረገጠው የሙቱ ሐቅ ተጠብቋል» አሉ። ቄሱ አጥሩን ዞረው አዩ፣ ጎንበስ ብለው አንድ የወደቀ እሾህ አንሥተው መልሰው ሰኩት፤ «በዚህ በኩል ሳስቷል፣ አጥብቁት» አሉ። ፈቃዳቸው እሱ ነበር።

እኔ በራሴ ፈቃድ ጨውን ያዝኩ። እትዬ ዘይነባ፣ የወንዶቹና የክርስቲያኖቹ አጣቢዎችም ጠዋትና ማታ እየመጡ አንገታቸውን ደፍተው በቀስታ ያፈሳሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኛ ቆብ አውልቀን እንቆማለን። ባልዲውን ሰልፍ ፊት ስንደፋ እንደዋጠው አልዋጠውም፤ ጥቂት በጥቂት፣ ሳያቋርጥ ስለመጣ መሬቱ ቀስ እያለ ጠጣ። ሳያቋርጥ መምጣቱ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ጠዋት ታደሰ እጀታውን አዞረ። እንደ ልማዱ አፉን ከፍቶ ጮኸ፦ «አቀስታ! አቀስታ!»

«እየሰማሁህ ነው፣ ምን ያስጮህሃል?» አለ የአቀስታው ሰው። ከጎረቤት ክፍል የሚያወራ ይመስላል። የክሊኒኩ ሞተር እየሠራ ነው፣ ግን ጥንዚዛው የለም።

ታደሰ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አልቻለበትም፤ ተንተባተበ። «መንገዱ… መንገዱ ተከፍቷል። መኪና ያልፋል። ሰው… ሰው አለ። ብዙ ሰው አለ።» ማዳመጫውን አስቀምጦ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አያ ይመር ፒንሳቸውን አውጥተው፣ ያልቆሸሸውን ፒንሳ፣ በጨርቅ ይጠርጉት ጀመር።

መኪኖቹ መጡ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አቀስታ ይጠይቃል፣ ታደሰ ይመልሳል፦ መንገዱ ደህና ነው ወይ፣ ስንት ሰው አለ፣ ከትናንት ወዲህ ስንት ሞተ። ቁጥሩን ሲናገር ቀልድ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሩ ከብዶት ውሃ ሳይጠጣ አይጨርሰውም ነበር። እያደር አነሰ። እህሉም ተከታትሎ መጣ፣ ዱቄት መጣ፣ ለሕፃናቱ ወተት መጣ። የሣር ዳሶቹ ውስጥ የሰው ወሬ መሰማት ጀመረ፤ ወሬ ሲሰማ፣ ጠብ ሲሰማ፣ አንዲት ሴት ባሏን ስትሳደብ ስንሰማ እንዴት ደስ እንዳለን!

ክረምቱ ገና ሳይገባ፣ አንድ ጠዋት ታደሰ በመስኮት ጠራኝ። «ደምሌ! ቆሎህ ተመልሷል!»

ገብቼ አዳመጥኩ። እውነቱን ነው፣ ይንጣጣል፣ ከሥሩም ጥንዚዛው ያጉረመርማል። መስመር የሠራ ሰው ጩኸት ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ወጥቼ መሬቱን አየሁ፤ ዳር ዳሩ ነጥቷል፣ ጨው ብቻ ይታያል። በቀጥታ ወደ እትዬ ዘይነባ ሄድኩ። ድንኳኗ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የአንዲት ልጅ ጸጉር ትሠራለች።

«እትዬ ዘይነባ፣ የስልኩ መሬት ደረቀ። ውሃው የት ሄደ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ማበጠሪያውን ልጅቷ ጸጉር ላይ እንደሰካች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«የለም» አለች። «ትናንትም የለም። ዛሬም የለም። አንተ ሰውዬ፣ ለስልክህ ብዬ ሰው ልግደልልህ እንዴ?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ በል እንጂ፣ ምን ያፈዝሃል!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ መታችኝ።

ስመለስ ታደሰ ከአቀስታ ጋር ተያይዟል። አያ ይመር አጠገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

«የለም!» ይላል ታደሰ። «የሞተ የለም! … አልሰማህም? የለም እኮ ነው የምልህ!»

ከዚያ በኩል የሚንጣጣ ብቻ ይመጣል። ታደሰ ተነሥቶ ቆመ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ያዘ። «የለም! ማንም! ማንም አልሞተም!» ውጭ ውሃ የሚጠብቁት ሰዎች ድምፁን ሰምተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ የሚለው ሲገባቸው አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹም «የለም በለው! የለም በለው!» እያሉ አብረውት ጮኹ።

እኔ ከረጢቴን አነሣሁ። «ሞተሩን ላስጠፋና መሬቱን ልየው» አልኩ።

አያ ይመር ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«አትንካው» አሉ። «ይድገመው።»